ወደ ሐረር የሚያደርስ ዜማ

መንገድን በዜማ ማክበር የብዙ አሕዛብ ልማድ ነው። አሜሪካዊው ቦቢ ትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1946 ከሺካጎ ተነሥቶ ወደ ካሊፎርኒያ ስለሚዘልቀው 66ኛው አውራ ጎዳና በደረሰው ዘፈን የከተሞቹን ስም ተራ በተራ እየጠራ መንገዱን በቃል ሣለው፤ የጀርመኑ ክራፍትቨርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ አገሩ ፈጣን ጎዳና ባወጣው፣ ከ22 ደቂቃ በላይ በሚፈጅ ሥራ የሞተሩን ጩኸትና የመኪኖቹን ሽውታ በኤሌክትሪክ መሣሪያ አስመስሎ አሰማ። ባሕርን ታክከው የሚጠማዘዙትን ያማሩ ጎዳናዎች ለማወደስ የሚነሡ የፈንክ ባንዶችም ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ ስልቶች፣ ማለት ከመጥራትና ከማስመሰል፣ አይርቁም። በእኛ አገር ግን ሦስተኛ ስልት አለ፤ ይኸውም መንገዱን ሳይጠሩና ሳያስመስሉ፣ ሰሚውን ራሱን በቅኝትና በምት መንገደኛ ማድረግ ነው። ለዚህ ነገር ከሁሉ የበለጠ ምስክር አድርጌ የማቀርበው፣ ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በካሴት ያወጣውን «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ ነው።

ይህን ካሴት በውጭ አገር የሚያወድሱት ሰዎች አሜሪካዊውን ፈንክ ኢትዮጵያዊ ልብስ አልብሶ ያቀረበ ድንቅ ሥራ አድርገው ይቈጥሩታል፤ በአገር ውስጥ ደግሞ ዘፋኝ ስለሌለው ብቻ ከሙሉ ሥራ ወገን የማይቈጥሩት ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ያልተገነዘቡት አንድ ነገር አለ እላለሁ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ምድሪቱንና መንገዷን ከግጥም አስቀድሞ በቅኝት መዝግቦ የኖረ ስለ ሆነ፣ ኦርጋኑና ቤዝ ጊታሩ በመጡ ጊዜ ባዕድ ልማድ ይዘው አልገቡም፤ የቆየውን ልማድ የሚያገለግሉ አዲስ ሎሌዎች ሆኑ እንጂ።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የቅኝቶቻችንን ስም ማስታወስ ይበቃል። የዓለማዊው ዜማችን መሠረት ናቸው ከሚባሉት ከአራቱ፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ በወሎ ምድር ያሉ የቦታ ስሞች ናቸው። አምባሰል ከደሴ ወደ ሰሜን ሲጓዙ የሚገኝ የአምባና የገደል አገር ነው፤ ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ቍልቍል በሚወርደው፣ በሚሌ በኩል አልፎ እስከ አሰብ ወደብ ይደርስ በነበረው ጎዳና ላይ የተቀመጠች፣ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ገበያዋ ደገኛውና አፋሩ፣ አማራውና ኦሮሞው እህልን በጨው፣ ከብትን በጨርቅ ሲለዋወጡ የኖሩባት ከተማ ናት። እንግዲህ መሰንቆ መቺው አውታሩን ወደ ባቲ ባጠበቀ ጊዜ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ ከደጋ ወደ ባሕር የሚወርደውን መንገድ ስም ይዞ ይጀምራል። ቅኝቱን በሚያስጠናበት ጊዜ ይህን ለደቀ መዝሙሩ አያስረዳውም፤ ደቀ መዝሙሩም አይጠይቅም፤ ነገር ግን ጣቶቹ የሚሄዱበት ሥርዓት የአንድ አገር ሥርዓት መሆኑ በልቡናው ታትሞ ይቀራል። ከዓለም ሕዝቦች መካከል የድምፅ ሥርዓቱን በአገርና በነገድ ስም የጠራ እኛ ብቻ እንዳልሆንን አውቃለሁ፤ የጥንት ግሪኮችም ዶርያዊና ፍርግያዊ ይሉ ነበር። የእኛ ልዩነት ግን የዜማው አገር እስከ ዛሬ በእግርና በመኪና የሚደረስበት፣ ገበያው የሚቆምበት አገር መሆኑ ነው።

በመንፈሳዊው ዜማም ዘንድ መንገድ የሩቅ ነገር አይደለም። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ በመንገድ ሳለ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ብሎ፣ ግንዱን ለመውጣት ደጋግማ ስትወድቅ የነበረችውን ትል ተመልክቶ እንደ ተመለሰ ትውፊቱ ይናገራል። የግዕዝ፣ የዕዝልና የአራራይ ዜማ አባት ታሪኩ የሚጀምረው በመንገደኛነት ነው። ከዚህም ይልቅ ለነገሬ የሚጠቅመኝ የማኅሌቱ አካሄድ ነው፤ ሊቃውንቱ አንዱን ቃለ ዜማ በመጀመሪያ በቁም ያዜሙታል፣ ቀጥለውም መቋሚያቸውን እያዘነበሉ በዝማሜ፣ ከዚያም ከበሮው ገብቶ በመረግድ፣ በመጨረሻም እጅ እየተጨበጨበ በጽፋት ያደርሱታል። ቃሉ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሰውነት እርምጃ ነው። ይህን ሥርዓት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ጆሮ፣ አንድ ሐረገ ዜማ ተመላልሶ ሲመጣ «መቼ ያልቃል» ብሎ አይሰለችም፤ መደጋገሙን የጉዞ መዓርግ አድርጎ ይቀበለዋል።

ፈንክ የተባለውን ስልት ምን እንደ ሆነ ካላወቅን ግን የሁለቱ መገናኘት ምሥጢር አይገለጥልንም። ጄምስ ብራውን ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1967 «ኮልድ ስዌት» የተባለውን ዘፈኑን ባወጣ ጊዜ፣ በምዕራቡ ሙዚቃ ዘንድ እንደ ግድ ይቈጠር የነበረውን የኮርድ መቀያየር ወደ ጎን ትቶ፣ ጊታሩን፣ ነፋሽ መሣሪያዎቹንና ቤዙን ሁሉ እንደ ከበሮ አሠራቸው፤ የምቱንም ክብደት በመጀመሪያው ጠብታ ላይ አሳረፈው። ይህ ለአሜሪካ ሰሚ አብዮት ነበር። ለእኛ ግን፣ በአምስት ድምፅ ብቻ ተወስኖ ኮርድ መቀያየርን የማይጠይቅ ቅኝት ላለን ሕዝብ፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጃዝን ወይም የላቲኑን ሙዚቃ ከቅኝታችን ጋር ለማዋሐድ ሙላቱ አስታጥቄን የመሰለ የተማረ ሰው የኮርዱን ነገር በብዙ ጥበብ ማስታረቅ አስፈልጎታል፤ ፈንክ ግን ኮርዱን አስቀድሞ ስለ ተወው፣ ቅኝታችን ሳይሸራረፍ ገብቶ የሚቀመጥበት ባዶ ወንበር ይዞ መጣ። የአገራችን ባንዶች በዚህ ስልት ሲጫወቱ ቤዙ አንድ መስመር ይዞ ሳይናወጥ ይሄዳል፣ በላዩ ላይ ኦርጋኑ እንደ ዘፋኝ ሆኖ ዜማውን እያስረዘመ ያወርዳል፤ የሚታሰበኝም ቤዙ መንገዱ፣ ኦርጋኑ መንገደኛው መሆኑ ነው።

ፈንክ ወደ እኛ የመጣበትም መንገድ ደግሞ ሊነገር የሚገባው ነው። አሜሪካውያን በአሥመራ በነበራቸው በቃኘው ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1977 ድረስ፣ ወታደሮቻቸውን ለማስደሰት የሚያሰሙት ሬዲዮ የሶልና የፈንክ ዘፈኖችን ለከተማው ወጣት ሁሉ አደረሰ፤ የሰላም ጓድ መምህራንም ሸክላዎቻቸውን ይዘው እስከ ክፍለ ሀገሩ ገቡ። ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን የተባለው በዚሁ ዘመን ነው። ከአሥመራ እስከ ምጽዋ በ115 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕር ጠለል የሚወርደው ጠመዝማዛ ጎዳና፣ በዚያ ዘመን የነበረች ኢትዮጵያ ከነበሯት የባሕር መንገዶች ሁሉ ለዓይን ያማረው ነበር። ከምጽዋ ፊት ለፊት በቀይ ባሕር ላይ የተበተኑት ደሴቶች ዳህላክ ይባላሉ፤ ወደ ሐረር የሚደረገውን ጉዞ የተጫወተውም ባንድ ስሙን ከእነርሱ ወሰደ። በዚያ ዘመን ባንዶቻችን ስማቸውን ከምድሪቱ ላይ መቅዳት ልማዳቸው እየሆነ ነበር፤ ዋልያስ ከሰሜን ተራሮች እንስሳ፣ ሮሃ ከላሊበላ የጥንት ስም፣ ዳህላክም ከባሕሩ። ከእነርሱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ሶል ኤኮስን የመሰለ የእንግሊዝኛ ስም ይወጣ እንደ ነበር ላስታወሰ ሰው፣ ይህ የስም ለውጥ የአንድ ትውልድ የኅሊና ለውጥ መሆኑ ይታየዋል።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደ፣ በልጅነቱ ከሸዋ ገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጣ፣ አኮርዲዮንን ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ ከዚያም በዋልያስ ባንድ ውስጥ በኪቦርድ ተጫዋችነትና በአቀናባሪነት ስመ ጥር የሆነ ባለሙያ ነው። ዋልያስ በሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ በካይፋ ሪከርድስ በኩል ወጣ፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ዜማም ከዚያው ነው። በተከታዩ ዓመት ኃይሉ በግዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር ሆኖ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ። የመጀመሪያው ሥራ ፈረስ የሚነዱበትን ጩኸት፣ ሁለተኛው የረጅም መንገድን ስም ተሸክሞ መውጣቱን ስመለከት፣ ሁለቱን የአንድ ሐሳብ ሁለት ምዕራፍ አድርጌ እወስዳቸዋለሁ።

ይህ የሆነበት ጊዜ ምን ዓይነት ጊዜ እንደ ነበረ ግን ያለ ኀዘን ሊነገር አይቻልም። ቀይ ሽብር በከተሞች ወጣቱን ይበላ ነበር፤ ሰዓት እላፊም ስለ ታወጀ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በመንገድ የተገኘ ሰው ሕይወቱ በእጁ አልነበረችም። ስለዚህ ለመዝናናት የወጣ ሰው እስኪነጋ ድረስ በናይት ክለቡ ውስጥ ይቀራል፤ ባንዱም እንዲሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ያድራል። ከዚህ የተነሣ የሙዚቃው መርዘም የጥበብ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የዘመን ግዴታም ሆነ፤ በር ተዘግቶባቸው ለሚያድሩ ሰዎች አጭር ዘፈን አይበቃቸውምና። ወደ ቤቱ የሚወስደው አጭር ጎዳና የተዘጋበት ሰው፣ በዚያች አዳራሽ ውስጥ ረጅሙን ጎዳና በእግሩ ሳይሆን በጭፈራው ይሄደው ነበር።

የሐረርማ ነገር ከዚህም የከበደ ነው። የሶማሊያ ጦር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1977 ወረራውን ጀምሮ፣ የባቡር ሐዲዱን ቆርጦ፣ ጅጅጋን ይዞ፣ በኅዳር የሐረር ደጃፍ ደርሶ ነበር፤ ከተማይቱን ለመያዝ የተደረገው ውጊያም እስከ ጥር ዘልቆ፣ ጅጅጋ በመጋቢት 1978 ተመልሳ እስክትያዝ ድረስ ያ አገር ሁሉ የጦር ሜዳ ሆነ። እንግዲህ በዚያው ዓመት «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለ ካሴት በሱቅ መስኮት ላይ ያየ ሰው፣ ስሙን እንደ ተራ የሽርሽር ስም አድርጎ ሊያነበው አይችልም ነበር። ወንድሙን ወደዚያው የሸኘ ሰው አለ፤ ቤቱን ትቶ ከዚያ የተሰደደ ሰው አለ፤ የቁልቢ ስለቱን ሳያደርስ የቀረ ሰው አለ። ግጥም ቢኖረው ኖሮ ከነዚህ ሰዎች ለአንዱ ብቻ ይናገር ነበር፤ ግጥሙም አስቀድሞ በሳንሱር ፊት ቀርቦ፣ የመንግሥትን የጦርነት ቃል እንዲሸከም መገደዱ አይቀርም ነበር። ቃል ስለሌለው ግን ለሦስቱም ተናገረ። የዚህን ካሴት ዝምታ ጉድለት ሳይሆን ጸጋ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ያን መንገድ የሄደበት ሰው ደግሞ ዜማው ለምን በዚያ ስም ሊጠራ እንደ ተገባው ይረዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ጎዳና ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ፣ በሞጆና በናዝሬት አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል፤ በመተሐራ በኩል ከፈንታሌ ተራራ የፈሰሰውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ጎዳናውንና ሐዲዱን የተጋፋውን የበሰቃን ሐይቅ እያሳየ እስከ አዋሽ ወንዝ ድረስ፣ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ እስኪል፣ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ከአዋሽ በኋላ ያለው ሜዳ ግራርና እሾህ ብቻ ስለ ሆነ ዓይን የሚያርፍበት አያገኝም፤ መንገደኛው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ሾፌሩም ካሴት የሚገለብጠው በዚህ ጊዜ ነው። ከሚኤሶ ወዲያ ግን ምድሪቱ በድንገት ትነሣለች። አሰበ ተፈሪን አልፎ የጨርጨር ተራሮች ጫፍ ለጫፍ የሚሄደው መንገድ፣ ግራና ቀኙ ገደል፣ ከገደሉም በታች በእርከን የተከፋፈለ የማሽላና የጫት እርሻ እየታየ፣ በሒርና በኩል እስከ ቁልቢ ይደርሳል። ቁልቢ ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ያለባት፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከአራቱም ማዕዘን ሕዝብ የሚጎርፍባት፣ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ዳገቱን በእግሩ የሚወጣ ተሳላሚ የማይጠፋባት ስፍራ ናት። ከዚያም፣ በኋላ ዘመን ደርቆ ዳግመኛ ውሃ የያዘው የሐረማያ ሐይቅ፣ ቀጥሎ የአወዳይ የጫት ገበያ፣ በመጨረሻም ሐረር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት የጁገል ግንብ ተከብባ።

ልብ ብሎ ለሚያይ ይህ መንገድ ምዕራፎቹ እኩል አይደሉም፤ መውረዱ ፈጣን፣ ሜዳው ረጅም፣ ዳገቱ አድካሚ፣ መድረሻው ድንገተኛ ነው። ያሳለፍነው የደረቅ ሜዳ ርዝመት ባይኖር የጨርጨር ልምላሜ እንዲያ አያስደስትም ነበር። ቤዙ ሳይለወጥ የሚሄድበት ረጅም ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ከላዩ ኦርጋኑ አንዲት አዲስ ድምፅ ባወጣ ጊዜ ሰሚው ዳገቱን እንደ ጨረሰ ሰው ይነቃል። ሥዕል ቦታን በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ግጥም ስሙን ይጠራል፤ መንገድ ግን ከቦታ ይልቅ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ጊዜን በጊዜ የሚለካው ሙዚቃ ብቻ ሳያጎድል ሊሸከመው ይችላል። ኃይሉና ዳህላኮች ለመንገዱ የሰጡት ይህንኑ ነው።

ስለ ባለሙያው የኋላ ዕጣ ጥቂት ልበል። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለሥራ በሄደ ጊዜ ኃይሉ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በዚያው ቀረ። በ1985 በዋሺንግተን አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ለብቻው ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ዓመታት ኑሮውን የመሠረተው በታክሲ ነጂነት ነበር፤ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ እስኪመጣለት ሲጠብቅ በመኪናው ውስጥ ይዞት በሚዞረው ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ያን የ1985 ካሴት አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ከሱቅ አግኝቶ በ2013 ዳግመኛ አሳተመው፤ «ወደ ሐረር ጉዞ»ም በ2016 ተከተለ፤ ባለሙያውም በስተርጅናው ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። በዚህ ነገር የምደሰተውን ያህል አዝናለሁም። ካሴቱ በእኛ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ሳለ የጎበኘው እንግዳ ሰው ነበርና።

ይህ ቸልተኝነት እስከ ዛሬ አልተወንም። እኔ በምኖርባት በሐዋሳ፣ በባህል አዳራሹ መድረክ ላይ ዝግጅት በሚኖርበት ጊዜ፣ ባንዱ ከዘፋኙ በፊት ወጥቶ «ክላሲካል» የምንለውን የመሣሪያ ሙዚቃ ይጫወታል፤ ሕዝቡም ያን ጊዜ ወንበር መፈለጊያ፣ ወዳጅ መሳሚያ፣ ስልክ መደወያ ያደርገዋል፤ ጸጥ የሚለው ዘፋኙ ማይክሮፎን ሲጨብጥ ነው። ወጣቶቹ ተጫዋቾች ይህን ስለሚያውቁ ለዚያ ሰዓት የሚመርጡት ሁሉ የሚያውቀውን የድሮ ዘፈን ዜማ ነው፤ የራሳቸውን አዲስ ድርሰት በዚያ ሰዓት ማን ይሰማቸዋል? ከእነርሱ መካከል ጣታቸው የሠለጠነ፣ ጆሯቸው የነቃ አሉ። ያጡት ሰሚ ነው።

ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ከብዙ ከተሞች ይልቅ የታደለች ናት። ከሞጆ ጀምሮ በመቂና በዝዋይ፣ በሻሸመኔም በኩል የስምጥ ሸለቆውን ሐይቆች እየታከከ የሚመጣው ጎዳና የሚያደርሰው ወደ እርሷ ነው፤ እኛ ከባሕር በር የራቅን ሕዝቦች የውሃ ዳር መንገድ ብለን ልንዘፍንለት የሚገባን ቢኖር ይህ ነው። ከመንገዱም ይበልጥ የእግር ዜማ አላት። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፊቼ ጫምባላላን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የጻፈውን በዓል፣ ሲያከብር፣ በሐይቁ አጠገብ ወዳለው ወደ ጉዱማሌ አባቶች በየጎሣቸው ተሰልፈው፣ በትራቸውን ይዘው፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ ቄጣላን እያሉ ይገባሉ። ይህ ዜማ ተቀምጠው የሚያዜሙት አይደለም፤ ምቱን የሚሰጠው የሚራመደው ሕዝብ እግር ነው፤ እርምጃው ሲቆም ዜማውም ይቆማል። ከማኅሌቱ ዝማሜና ከዳህላኮች ረጅም ሌሊት ጋር ሳስተያየው፣ ሦስቱም መንገድን በቃል ከመተረክ ይልቅ በሰውነት የሚያስኬዱ ሆነው አገኛቸዋለሁ።

በአዳራሹ ለሚለማመዱት ወጣቶች የምመክረው እንግዲህ እንዲህ ነው። ቄጣላን ከመዝፈናቸው በፊት፣ አባቶችን ጠይቀውና ተከትለው ይሂዱት፤ እርምጃውን ይቍጠሩት፤ ያን እርምጃ ለቤዝ ጊታሩ ይስጡት፤ ድራሙ በመጀመሪያው ጠብታ ላይ ክብደቱን ያሳርፍ፣ ተቀባዩን የሕዝብ ድምፅ ነፋሽ መሣሪያዎቹ ይያዙት፣ አውጪውን ኦርጋኑ ይውሰደው። ዘፋኝ አይጨምሩበት። ርዝመቱንም ሬዲዮኑ በሚፈቅደው በአራትና በአምስት ደቂቃ አይወስኑት፤ ከሻሸመኔ መውጫ እስከ ሐይቁ ዳር የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ይሂድ። ስሙንም እንደ ቀደሙት ከምድሪቱ ላይ ያንሡለት፤ አዳራሹም ለእንዲህ ያለው ሥራ፣ የዘፋኝ ማስጠበቂያ ያልሆነ፣ ራሱን የቻለ አንድ ምሽት ይመድብለት።